ኮማንዶን ለአሁን ተማሪ ባሳይ ይስቁብኛል?

የኋላ አግዳሚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ቀልድ ይመስላል ግን ከልቤ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

የሐዋሳ ልጅ ነኝ። 1988 ላይ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ደብተሬን ሱሪዬ ውስጥ ሰክቼ ቀጥታ ቪዲዮ ቤት። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፣ በጠመኔ "8 ሰዓት ካራቴ፣ 10 ሰዓት ህንድ፣ 12 ሰዓት ኃይለኛ አክሽን" ተብሎ ይጻፋል። የፊልሙ ስም አይጻፍም። ስም ምን ያደርጋል? እኛ የምንጠይቀው "አክተሩ ማነው?" ብቻ ነው። ለማታውቁት፣ አክተር ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም። አክተር አንድ ነው፣ እሱም የማይሞተው ሰውዬ ነው። የቀሩት በሙሉ የሚሞቱ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ እኛ ጋ አደረ። 17 ዓመቱ ነው። ማታውን ሙሉ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ አናደደኝና "ና ቁጭ በል፣ ፊልም ማለት ምን እንደሆነ ላሳይህ" ብዬ ኮማንዶን ከፈትኩለት። የአርኖልድን፣ እ.ኤ.አ. የ1985ቱን። ገና ሲጀምር አርኖልድ ሙሉ ግንድ በትከሻው ተሸክሞ ሲመጣ እኔ እንደ ድሮው ፀጉሬ ቆመ። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ለምን በጋሪ አያመጣውም?"

ዝም አልኩት። ቢጫዋ ፖርሽ ጋ ደረስን። መኪናዋ በጎኗ ትገለበጣለች፣ አርኖልድ በእጁ ገፍቶ ያቆማታል፣ ከዚያ አስነስቶ ይነዳታል። "አጎቴ፣ ያ የተጨረማመተው ጎኗ የት ሄደ?" አለኝ። አየሁ። እውነትም አንድ ጭረት የላትም። ይሄን ፊልም ትንሽ ቢባል ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ መኪናዋን ግን አንድም ቀን አላየኋትም። እኔ የማየው ክንዱን ነበር።

የባሰው መጨረሻው ላይ መጣ። አርኖልድ ደሴቱ ላይ ያለውን ካምፕ በፈንጂ ሲያጋየው ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ሪሞቱን አነሳ። መለሰው። አቆመው። ተነስቶ ሄዶ ቴሌቪዥኑን በጣቱ ነካ። "እነዚህ ወታደሮች አሻንጉሊት ናቸው።" ናቸው። ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ እጃቸው አይንቀሳቀስም፣ ከዚያ ይፈነዳሉ። እንግዲህ እኔ አሻንጉሊት በሞተ ቁጥር ሳጨበጭብ ነው ያደግኩት ማለት ነው።

ልጁ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ሄጄ ተኛሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። 1996 ላይ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ብዬ ገብቼ፣ መሃል ላይ ስሙ ተቀይሮ፣ 1999 ላይ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ብዬ ነው የወጣሁት። ዕፅዋት ሳይንስ። የኛ ባች ልጆች በመጪው ቅዳሜ ከአሁኖቹ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ጋር ኳስ ልንገጥም ተቀጣጥረናል። ዋዜማው፣ ዓርብ ማታ፣ "የድሮ ቪዲዮ ቤት ምሽት" ይኑር ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ የእህቴ ልጅ ጉድ ሳያደርገኝ በፊት። አዳራሽ ተገኝቷል። አግዳሚ ተበድረናል። መግቢያ 20 ብር፣ ለማሊያ ነው። ፊልሙን አንተ ምረጥ ተብያለሁ። ሦስት ይዣለሁ፦ ኮማንዶ፣ ብሩስ ሊ እና የህንዱ ሾሌይ። የቱን ላሳይ? ደግሞስ መቶ ምናምን ተማሪ እንደ እህቴ ልጅ ቢስቅብኝ ምን ይውጠኛል?


ዴክ ጠጋኝ፦

ሰላም አግዳሚ። መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ አድርግልኝ። የትኛው ብሩስ ሊ?

አትሳቅ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ዴክ፣ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻውን፣ እየጠገንኩ ነው ያደግኩት። ሄዱ፣ ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ የቆሸሸበት ሁሉ እኔ ጋ ነበር የሚመጣው። ወረቀት በአልኮል ነክሬ ጠርጌ ሥዕሉ ጥርት ሲል ባለቤቱ እንደ ሐኪም ነበር የሚያየኝ። "ለሙከራ" እያልኩም ያላየሁት ካሴት የለም። እና ልንገርህ፣ ብሩስ ሊ ተብሎ ከሚመጣልኝ ካሴት ብዙው ሰውዬው አልነበረም። እውነተኛው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1973 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ32 ዓመቱ ሞተ። ገበያው ግን አልሞተም። መልኩ ትንሽ የሚቀርብ ሰው ሁሉ እየተፈለገ በተቀራራቢ ስም ፊልም ይሠራለት ጀመር። አንዱ ሊ፣ አንዱ ሌ፣ አንዱ ድራጎን ሊ። በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ስማቸው ይለያል፣ በጠመኔ ሲጻፍ ግን ሁሉም ብሩስ ሊ ነው። "እሱ ነው" "አይደለም" ተባብለው የተፈነካከቱ የሰፈር ልጆች አውቃለሁ።

የኔ ምርጫ ያቺ ቢጫ ቱታ የለበሰባት ናት። ጌም ኦፍ ዴዝ። ሳይጨርሳት ነው የሞተው፣ የቀረውን በሌሎች ሰዎች ሞልተው እ.ኤ.አ. 1978 ላይ አወጧት። አንድ ቦታ ላይ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ መስታወት ፊት የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው፣ የብሩስ ሊን ፊት ከካርቶን ቆርጠው መስታወቱ ላይ ለጥፈውበታል። ካርቶን! እኔ የዋሁ ሄዱ ቆሽሾ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አጸዳሁት።

ደግሞ ለኳስ ዋዜማ ከዚህች የሚስማማ ፊልም የለም። ያ 2 ሜትር ከ18 የሚሆነው ሰውዬ ትዝ ይላችኋል አይደል፣ ብሩስ ሊ ደረት ላይ የእግሩን ዱካ የሚያትምበት? ካሪም አብዱል ጀባር ነው፣ የቅርጫት ኳሱ። ከብሩስ ሊ ዘንድ የሱን የፍልሚያ ስልት ሲማር ነው የተዋወቁት። ያኔ ዩሲኤልኤ የሚባል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፣ ስሙም ሉ አልሲንዶር ነው። እ.ኤ.አ. 1967፣ 68፣ 69፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ የአሜሪካን የኮሌጆች ዋንጫ ወሰዱ። እና ኮሌጆቹ 1967 ላይ ምን አሉ? ኳስን ከላይ ቀለበት ውስጥ መሰካት ክልክል ነው! እስከ 1976 ድረስ ቆየ። ሰዉ "የአልሲንዶር ሕግ" ነው የሚለው። ተማሪ ረዘመ ተብሎ ሕግ ሲወጣ አስቡት። እኛ ጋ ቢሆን "ይሄ ልጅ ተማሪ አይደለም፣ መታወቂያው ይታይ" ተብሎ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ ይቆም ነበር።


የአዳማ ሙቀት፦

ኧረ በናታችሁ! ሁላችሁም ቁንጫውን ረስታችሁታል።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። የኛ ቪዲዮ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ደግሞ ብርሃን እንዳይገባ በጥቁር ላስቲክ የተለበጠ ነበር። የአዳማን የከሰዓት ፀሐይ የምታውቁ ቀሪውን ራሳችሁ ጨርሱት። ሰማንያ ልጅ ሸሚዙን አውልቆ ተፋፍጎ ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ልምጭ ይዞ "ተጠጋጉ! ገና ሰው አለ!" ይላል። አግዳሚው ላይ ሚስማር አለ። በዚያ ሚስማር የተቀደደ ሱሪ ይዤ ቤት ገብቼ ስንቴ እንደተገረፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ፊልም ደግሞ ከመጀመሪያው አይቼ አላውቅም። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለህ የገባህባት ደቂቃ ናት መጀመሪያህ። ኮማንዶ ውስጥ የአርኖልድ ልጅ እንደምትጠለፍ ያወቅኩት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሰውዬው እንዲሁ የተናደደ ነበር የሚመስለኝ።

መብራት ይጠፋል። ያውም ወሳኙ ቦታ ላይ። ብር መመለስ የሚባል ነገር የለም። "ነገ ኑ" ይላል። ነገ ስትሄድ "ትናንት ለመግባትህ ምን ምልክት አለህ?" ይልሃል። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ የሰባት ፊልም መጨረሻ ዕዳ አለብኝ ቢል አያፍርም፣ እኔ ቆጥሬበታለሁ።

አምና ናፍቆኝ ማታ ብቻዬን ሶፋ ላይ ተጋድሜ ኮማንዶን ከፈትኩ። 20 ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቁርጡን ልንገራችሁ፣ ሌላ ነገር ስላልነበረን ነው እንጂ ፊልሞቹ ረብ የላቸውም። አግዳሚ፣ የሰው ልጅ ሰብስበህ አታሠቃይ። ትልቅ ስክሪን ካገኘህ የእንግሊዝ ኳስ አሳያቸው።


የጎረቤት ቲቪ፦

ስለ ቪዲዮ ቤት ስታወሩ ከተማው ውስጥ ሴት የሚባል ያልነበረ ነው የሚመስለው። ነበርን። ማን ያስገባናል? ወንድሜን ልጥራ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ያየሁት አንድ ሁለት ደቂቃ ነው ቪዲዮ ቤት ማለት ለኔ፤ ያውም ጀርባ ብቻ።

እኛ የነበርንበት ሌላ ቦታ ነው። ሰፈራችን ዴክ ያላቸው አንድ እትዬ ነበሩ። እሁድ ከሰዓት ቡና ያፈላሉ፣ የሰፈሩን ሴትና ልጅ ይሰበስባሉ፣ ህንድ ፊልም ይከፍታሉ። ሾሌይን ያየሁት እሳቸው ቤት ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው የሚፈጀው። አቦል ተጠጥቶ፣ ቶና ተጠጥቶ፣ በረካ ሲደርስ ፊልሙ ገና መንገድ ላይ ነው። ከታች የሚነበብ ጽሑፍ የለው፣ ምን የለው። እትዬ ይተረጉሙልናል።

ህንድኛ አይችሉም።

አንድ ቃል አይችሉም። ግን አንድም ቀን ሲደናገሩ አላየኋቸውም። አሚታብና ዳርሜንድራ ወንድማማቾች ናቸው አሉን፣ እሺ። ጋባር ሲንግ፣ ሽፍታው፣ የአባታቸውን መሬት የቀማ አጎታቸው ነው አሉን፣ እሺ። ያ ሁልጊዜ ነጠላ ደርቦ የሚቆመው ትልቅ ሰውዬስ፣ ታኩሩ? "ወባ ይዞት ነው። ብርድ ብርድ ይለዋል።" ሐዋሳ ነን፣ ወባ ስንባል ማን ይጠይቃል። ከዚያ ነጠላው በነፋስ የሚገፈፍበት ቦታ ደረሰ። ሁለት እጁ ከትከሻው የለም። ጋባር ነው የቆረጠው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከሁላችንም በላይ የጮኹት እትዬ ናቸው፣ ረከቦቱን ሊደፉት ምንም አልቀራቸው። ጩኸቱ በረድ ሲል ነጠላቸውን አስተካከሉና ረጋ ብለው "ወባ ሲብስ እንዲህ ነው" አሉን።

መጨረሻ ላይ አሚታብ ይሞታል። አክተር ሞተ! አግዳሚ ያልከው ሕግ እዚያ ጋ ፈረሰ። ነገር በተነሳ ቁጥር ዕጣ የሚያወጣባት ሳንቲም አለች አይደል፣ ጓደኛው አንስቶ ሲያገላብጣት ሁለቱም ጎኗ አንድ ነው። ለካ ሁልጊዜ ከባዱን ለራሱ ለመውሰድ ሲያታልለው ኖሯል። እዚያ ላይ እትዬ አልተረጎሙም። ዝም ብለው ፍሙን ነካኩ።

ብዙ ቆይቼ ከነጽሑፉ ሳየው ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ወንድማማቾች አይደሉም፣ መሬትም የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእትዬ ይሻል ነበር።

የአዳማው ወንድሜ፣ አንተን ያስተኛህ ፊልሙ አይደለም፣ ሶፋው ነው። ብቻህን ነበርክ ብለሃል። ሾሌይን እኔም ብቻዬን ስከፍተው ዘፈኖቹን አሳልፋለሁ። እትዬ ቤት ግን ዘፈን ላሳልፍ ያለ ሰው ቡና አይሰጠውም።

አግዳሚ፣ አንድ ነገር ደግሞ። 1999 እኔም ግቢ ነበርኩ፣ አካውንቲንግ። ዕፅዋት ሳይንስ ስትል የዚያ ዓመት ጨዋታ ትዝ አለኝ። ሐዋሳ ከነማ ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ የበላበት ዓመት ስለሆነ ከተማው ሁሉ ኳስ ኳስ ይላል፣ ዲፓርትመንቶቹም ራሳቸውን ክለብ አድርገዋል። እኛ "ግብርናዎች አትድከሙ፣ ኳስ ትታችሁ ሣር አርሙ!" እንላለን። እነሱ ጀሪካን እየደለቁ "አካውንቲንግ ቁጠሩ፣ ስንት ገባ በበሩ!" ይላሉ። ጨዋታው ራሱ ለዓይን የሚያስጠላ ነበር። ኳሷ ሜዳ ውስጥ ከምትቆየው ቁጥቋጦ ውስጥ የምትፈለግበት ሰዓት ይበልጣል። እኔ ግን ድምፄ ተዘግቶ ሦስት ቀን በወረቀት እየጻፍኩ ነው ከሰው ጋር ያወራሁት።

እና 2 ለ 1 እየመሩን ሰዓቱ አለቀ መሰላቸው። ደጋፊያቸው ጀሪካኑን እንደያዘ ሜዳ ገባ። በረኛቸው ግቡን ጥሎ መሃል ሜዳ መጥቶ ጀሪካን ተሸክሞ ይጨፍራል። ፊሽካ አልተነፋም! የኛ ልጅ ኳሷን በጀሪካንና በሰው እግር መሃል እየገፋ ሄዶ ባዶ ግብ ውስጥ ከተታት። 2 ለ 2። ዳኛው መሃሉን አሳየ። እስከ ዛሬ "አልገባም" ይላሉ ሲባል እሰማለሁ።


ሦስተኛ ዓመት፦

ጤና ይስጥልኝ። የአሁኑ ዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ቅዳሜ የምንገጥማችሁ እኛ ነን። ጋሼ፣ አይሳቅብዎትም ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም። ይስቃሉ። እኔ ራሴ እስቃለሁ። ግን ሳቅ ለምን እንዳስፈራዎት አልገባኝም።

እኛ ዶርም ውስጥ ስምንት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ያየነው ዘ ሩም የሚባል ፊልም አለ፣ እ.ኤ.አ. የ2003 ነው። ሰውዬው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ አክተር ሆኖበታል። ምናለ አንዱን ለሰው በተወው ያስብላል። ቤቱ ውስጥ የፎቶ ፍሬም አለ፣ ፍሬሙ ውስጥ ያለው የማንኪያ ፎቶ ነው። የሰው አይደለም፣ የማንኪያ። አሜሪካ ውስጥ ይሄን ፊልም ሊያይ ሲኒማ የሚገባ ሰው የላስቲክ ማንኪያ ይዞ ይገባል፣ ፍሬሙ በታየ ቁጥር ይወረውራል። እኛም ወረወርን። ችግሩ የኛ ከካፌ የመጣ የብረት ማንኪያ ነበር፣ ፕሮክተሩ ጦርነት መስሎት ሮጦ መጣ። ከሱ በፊትም ሮኪ ሆረር የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. 1975 ሲወጣ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ማሳየት ጀመሩ፣ ተመልካቹም ለተዋናዮቹ መልስ መስጠት፣ ሠርጉ ላይ ሩዝ መበተን፣ ልብሳቸውን ለብሶ መምጣት ጀመረ፣ ይኸው እስካሁን ይታያል። ይሄን ለአባቴ ስነግረው ምን አለኝ፣ "እና ይሄ ምኑ ነው አዲስ? እኛ 'ከኋላህ! ከኋላህ!' እያልን አልነበር እንዴ የምናየው?"

የአካውንቲንጓ እህታችን ያሉት ጨዋታ ደግሞ አሜሪካም ደርሷል። እ.ኤ.አ. 1982፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ስታንፎርድ፣ በነሱ ፉትቦል፣ ኳሷ በእጅ በምትያዝበት። 4 ሰከንድ ሲቀር ስታንፎርድ 20 ለ 19 ይመራል። የስታንፎርድ የተማሪዎች ማርሽ ባንድ አለቀ ብሎ መለከቱን ይዞ ሜዳ ገባ። ካሊፎርኒያዎቹ ኳሷን አምስት ጊዜ እየተቀባበሉ በባንዱ መሃል ሰንጥቀው አለፉ፣ የመጨረሻው ልጅ መስመሩን ሲያልፍ አንድ ትሮምቦን ነፊ ላይ ነው የወደቀበት። 25 ለ 20። እስካሁን ይጨቃጨቁበታል። ትሮምቦኑን በጀሪካን ቀይሩት፣ ቁጭ የናንተው ነው።

ስለ ድሮ ከሆነ እኛም አለን። ቃና የጀመረ ጊዜ፣ 2008 ላይ፣ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ቱርኮች በአማርኛ ሲጣሉ እናያለን፣ ወጡ ያራል፣ ማንም አይነሳም። ድሮ ደስ ይል ነበር።


የኋላ አግዳሚ፦

አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ አንቱ አትበለኝ። ሁለተኛ 2008ን ድሮ አትበል። 2008 ላይ የገዛሁት ጫማ አሁን እግሬ ላይ ነው።

የጎረቤት ቲቪ፣ እህቴ፣ በረኛው እኔ ነበርኩ።

ጀሪካኑ የኔ አልነበረም፣ አቀበሉኝ። ፊሽካ ደግሞ ተነፍቷል።


የጎረቤት ቲቪ፦

አልተነፋም። ዓርብ እመጣለሁ። ፊት ለፊት እንተማመናለን።


የኋላ አግዳሚ፦

እሁድ ነው፣ ወገቤን ይዤ ነው የምጽፈው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ኮማንዶን አሳየሁ። ዴክ ጠጋኝ፣ አትቀየመኝ፣ ካርቶኑን ከትልቅ ስክሪን ላይ ማየት አልቻልኩም። ሾሌይ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ በአግዳሚ ላይ ከተቀመጥኩ በማግሥቱ አልሮጥም። ሮጥኩ ማለቴም አይደለም።

አዳራሹ ሞላ። የእህቴን ልጅ ይዤው ሄድኩ፣ እሱ ነው ያስጀመራቸው። ግንዱ ሲመጣ "በጋሪ!" ብሎ ጮኸ። አንድ ሰከንድ ዝም ተባለ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ "በጋሪ! በጋሪ!" አለ። ፖርሿ ተገልብጣ ስትነሳ ከፊት ረድፍ አንዷ ልጅ "የማን ጋራዥ ነው? አድራሻውን!" አለች። አሻንጉሊቶቹ ጋ ስንደርስ በኅብረት ቆጠሯቸው። እኔ ኋላ አግዳሚ ላይ ከባች ጓደኞቼ ጋር ነኝ። መጀመሪያ ተሸማቀቅኩ። ኋላ ሳላስበው "ከኋላህ!" ብዬ ጮኼ ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ ከዚያ በኋላ እነሱም "ከኋላህ!" ማለት ጀመሩ፣ ከኋላው ማንም በሌለበት ጭምር።

ከዚያ መብራት ጠፋ። አርኖልድና ቤኔት፣ ያ የብረት ሹራብ የለበሰው ሰውዬ፣ ሊተናነቁ ሲሉ። ስልክ ሁሉ በራ። ልጆቹ "ጨርስልን! ጨርስልን!" ሲሉ አንዲት ነጠላ የደረበች ሴትዮ ተነስታ ስክሪኑ ፊት ቆመች። ስሟን አልነገረችንም፣ እኔ ግን ገና ጉሮሮዋን ስትጠርግ አወቅኳት። ቤኔት የአርኖልድን የአባቱን መሬት የቀማ አጎቱ ነው አለች። እሺ አልን። አንዱ "የብረት ሹራቡስ?" ብሎ ጠየቀ።

"ወባ ይዞት ነው። ብርድ ብርድ ይለዋል።"

እንዲህ የተሳቀበት ቀን አላስታውስም። ትክክለኛውን መጨረሻ የምናውቀው የባቹ ልጆች እንኳ አላረምናትም። አርኖልድ ቧንቧ ወርውሮ የሚገድልበት ነገር ተረሳ፣ በሷ ፊልም ቤኔት መጨረሻ ላይ መሬቱን በሽማግሌ መለሰ። ስትወጣ አጠገቤ ቆም አለችና "አልተነፋም" ብላኝ ሄደች።

ኳሱ አጭር ወሬ ነው። 5 ለ 1። "ሼባዎች አትድከሙ፣ ጥላ ሥር ሄዳችሁ ታከሙ!" ሲሉን ዋሉ፣ ዜማው ያው የድሮው ነው። በረኛ ነበርኩ፣ ግቡን ለቅቄ አንድ እርምጃ አልሄድኩም፣ አልጠቀመም እንጂ። ከዚያ አሞራ ገደል ሄደን አሳ በላን። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዙሪያችንን ቆመው ፍርፋሪ ሲጠብቁ መላጣቸውን አየሁና የኛ ተጠባባቂ ወንበር መሰለኝ።


የአዳማ ሙቀት፦

እንኳን ደስ ያላችሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። መብራት ሲጠፋ 20 ብራቸውን መለሳችሁላቸው?


የኋላ አግዳሚ፦

አልመለስንም። "ነገ ኑ" አልናቸው።